«ከግቢ ውጭ ፈልጉ»፦ ከአንድ አጭር መልስ ጀርባ ያለ የመቶ ዓመት ታሪክ

አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ የሚማር ልጅ እንቅልፍ እምቢ ሲለው፣ ጭንቀት ሲበረታበት፣ ወደ ግቢው የምክር አገልግሎት ማዕከል ይሄዳል። ጥቂት ቀጠሮዎች ይሰጡታል። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «ሕክምናው እንዲቀጥል ከግቢ ውጭ ቴራፒስት ፈልግ» የሚል ነው። እናንተም ወይም የምታውቁት ተማሪ ይህን ሰምታችሁ ይሆናል። በጭንቅ ሰዓት ሲሰሙት «በቃ፣ አባረሩኝ» ያሰኛል። ታዲያ ይህ መልስ ከየት መጣ? (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ ከ1908 እንነሳ። የዬል ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ የሆነው ክሊፎርድ ቢርስ በአእምሮ ሕመም ምክንያት ሆስፒታል ተኝቶ ያየውን በደል በዚያ ዓመት በመጽሐፍ አወጣ። በቀጣዩ ዓመት የአእምሮ ጤናን የሚመለከት አገር አቀፍ ኮሚቴ አቋቋመ። ከዚያ በፊት የአእምሮ ሕክምና ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው በአጥር የተከለለ ሆስፒታል ነበር። አሁን ግን «ሰው ሳይብስበት ቀድሞ መርዳት ይቻላል» የሚለው ሐሳብ መስፋፋት ጀመረ።

ሐሳቡ ኮሌጅ ለመድረስ አልዘገየም። በ1910 የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ስቱዋርት ፓተን ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለተማሪዎች የአእምሮ ጤና አገልግሎት ጀመረ። በአሜሪካ የመጀመሪያው ነው ይባልለታል። ምክንያቱን ልብ በሉልኝ፦ በትምህርታቸው ጎበዝ የሆኑ ልጆች በስሜት ችግር የተነሳ ትምህርታቸውን እያቋረጡ ይሄዱ ነበር። ስለዚህ ከጅምሩ የአገልግሎቱ ዋና ግብ ተማሪውን ክፍል ውስጥ ማቆየት ነበር።

ሁለተኛው ሥር ከሕክምና ጋር ብዙም አይገናኝም። ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በ1932 የፈተና ቢሮ ከፈተ፤ ኃላፊው ዊሊያምሰን ይባላል። የቢሮው ሥራ ተማሪው ምን ቢያጠና እንደሚሻለው፣ የትኛው ሙያ እንደሚስማማው መለካትና መምከር ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ሁሉም ነገር ሰፋ። በ1944 በወጣው የተመላሽ ወታደሮች ሕግ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሰዎች ኮሌጅ ገቡ። መንግሥትም ለእነሱ የሚሆን የምክር ማዕከል በየዩኒቨርሲቲው እንዲከፈት ገንዘብ ሰጠ። በዚያው ሰሞን፣ በ1945፣ ካርል ሮጀርስ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምክር ማዕከል አቋቋመ። ሮጀርስ የሚመጣውን ሰው «በሽተኛ» ማለቱን ትቶ «ደንበኛ» አለው። ትእዛዝ መስጠቱን ቀንሶ ማዳመጥን አስቀደመ።

እንግዲህ የዛሬው ማዕከል የእነዚህ ሁሉ ልጅ ነው። የተሠራው ለአጭር ጊዜ ምክር፣ ሴሚስተርን ለማሻገር ነው። ዓመታት ለሚወስድ ሕክምና አልታሰበም። ፈላጊው ሲበዛ ባለሙያው በዚያው ልክ ስላልጨመረ፣ ብዙ ማዕከላት የቀጠሮ ብዛት ገደቡ፤ የቀረውን ወደ ውጭ መላክ ጀመሩ።

ውጭው ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። አሜሪካ ውስጥ የጤና ኢንሹራንስ በአብዛኛው የተገነባው በሥራ ቦታ ዙሪያ ነው፤ የአእምሮ ሕክምናንም ለረጅም ጊዜ ከሌላው ሕክምና ያነሰ አድርጎ ይሸፍን ነበር። በ2008 የወጣው ሕግ፣ የአእምሮ ሕክምናን የሚሸፍን የቡድን ኢንሹራንስ ከሌላው ሕክምና የጠበቀ ገደብ እንዳይጥል ከለከለ። በ2010 የወጣው ሕግ ደግሞ ልጆች እስከ 26 ዓመታቸው በወላጆቻቸው ኢንሹራንስ እንዲቆዩ ፈቀደ። ለተማሪ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ነገር ግን አንድ ጣጣ ይዞ መጣ። ኢንሹራንሱ ምን ሕክምና እንደከፈለ የሚገልጽ ደብዳቤ የሚላከው ለኢንሹራንሱ ባለቤት፣ ማለትም ለአባት ወይም ለእናት ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ያደገ የአበሻ ልጅ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚያስብ መገመት አያቅትም፦ «ደብዳቤውን እማዬ ብትከፍተውስ?» ለቤተሰቡ ገና ያልነገረ ልጅ በዚህ ፍርሃት ብቻ ቀጠሮውን ሊተው ይችላል። እንደ ካሊፎርኒያና ማሳቹሴትስ ያሉ ግዛቶች መረጃው ለታካሚው ብቻ እንዲላክ መጠየቅ የሚያስችል ሕግ ያወጡት ለዚህ ነው።

ምስጢርም ቢሆን በሩ ላይ ሕጉን ይቀይራል። በግቢው ክሊኒክ ያለው መዝገብ በአብዛኛው የሚገዛው በ1974ቱ የትምህርት መረጃ ሕግ ነው፤ የውጭው ቴራፒስት መዝገብ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በ1996ቱ የጤና መረጃ ሕግ። በሁለቱም በኩል ምስጢር ወሰን አለው። በ1969 አንድ የበርክሌይ ተማሪ አንዲት ወጣት ሊገድል እንዳሰበ ለዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ባለሙያ ተናገረ፤ በኋላም ገደላት። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976፣ ታካሚው በሌላ ሰው ላይ ከባድ አደጋ የሚያደርስ ከሆነ ባለሙያው ያንን ሰው ለመጠበቅ ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረግ አለበት ሲል ወሰነ።

ይህን ታሪክ ከያዛችሁ ፍለጋው ላይ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ይገለጥላችኋል። መጀመሪያ ማዕከሉን፦ «ዝም ብላችሁ ስም ዝርዝር ከምትሰጡኝ፣ እስካገኝ ድረስ የሚከታተለኝ ሰው አለ?» በሏቸው። ብዙ ማዕከላት ይህንኑ የሚሠራ ሠራተኛ አላቸው። ኢንሹራንሱን ስለ ደብዳቤው ጠይቁ። ቴራፒስቱን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ኢንሹራንሴን ትቀበላለህ? እንደ ገቢዬ ዋጋ ትቀንሳለህ? ክረምት ላይ ወደ ሌላ ግዛት ቤቴ ስሄድ በስልክ ወይም በቪዲዮ ልትቀጥል ፈቃድ አለህ? የሙያ ፈቃድ በየግዛቱ ስለሚሰጥ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ገንዘብ ከከበደ፣ የሥነ ልቦና ዶክትሬት የሚሰጡ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በመምህራን ክትትል የሚሠሩ የማሠልጠኛ ክሊኒኮች አሏቸው፤ ክፍያቸውም ዝቅ ይላል። ነገሩ ሌሊት የማያሳድር ከሆነ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፦ ከ2022 ጀምሮ በመላው አሜሪካ 988 ደውላችሁ ወዲያው ሰው ማነጋገር ትችላላችሁ።

ፓተን በ1910 ያስጨነቀው ጎበዝ ልጅ ሳይታገዝ መሄዱ ነበር። ዛሬም ቢሆን በማዕከሉና በውጭው ቴራፒስት መካከል ባለው ክፍተት ልጅ ይጠፋል፦ ሦስት ቦታ ደውሎ «አዲስ ሰው አንቀበልም» ተብሎ፣ በአራተኛው ሳይደውል ይቀራል። ስለዚህ አራተኛው ላይ ደውሉ። ራሳችሁ መደወል ካቃታችሁም ጓደኛ አጠገባችሁ ተቀምጦ ይደውልላችሁ።