አናናስና ዘመዶቹ በደቡብ ምዕራብ የቡና ደን

በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በሸኮ ዙሪያ ባሉት የቡና ደኖች፣ ለቡናው ጥላ በሚሰጡት የዋንዛና የሳሳ ቅርንጫፎች ላይ ኦርኪድና ፈርን በቅለው ይታያሉ፤ ሥራቸውን መሬት ውስጥ ሳይሰዱ፣ የተሸከማቸውንም ዛፍ ምግብ ሳይሻሙ፣ በዝናብ፣ በጉምና በበሰበሰ ቅጠል የሚኖሩ በመሆናቸው የዕፅዋት ተመራማሪዎች ኤፒፋይት ይሏቸዋል። በአሜሪካ ሞቃታማ ደኖች ይህን የዛፍ ላይ ኑሮ ከኦርኪድ ጋር የሚጋራው ብሮሚሊያድ የተባለው የዕፅዋት ቤተሰብ ሲሆን፣ ከ3,000 ከሚበልጡት ዝርያዎቹ መካከል ከአሜሪካ ውጭ በተፈጥሮ የበቀለው በምዕራብ አፍሪካዊቷ ጊኒ የሚገኘው አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚያገኘው የቴፒ ምድር ለዚህ ቤተሰብ የቱንም ያህል ቢመች፣ ቤተሰቡ የደረሰበት በሰው እጅ ነው።

መንገድ የከፈተውም የሚበላው አባሉ፣ አናናስ ነው። ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1493 በጓድሉፕ ደሴት ያየውን ይህን ፍሬ ፖርቱጋሎች በባሕር ንግዳቸው ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ጠረፎች አዳረሱት፤ የዕፅዋት ተመራማሪው ሊኒየስም እ.ኤ.አ. በ1753 በስዊድናዊው ሐኪም በኦሎፍ ብሮሜሊየስ ስም በተጠራው ወገን ውስጥ መዘገበው። በኢትዮጵያም የሚለማው ስሙዝ ካየን የተባለው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1819 ከፈረንሳይ ጊያና ተወስዶ የተሠራጨ ነው።

ለጌጥ የሚተከሉት ዘመዶቹ፣ ለምሳሌ ብራዚል የበቀለችው ኤክሜያ፣ ቅጠሎቻቸው ተደራርበው በመሃል ጽዋ ስለሚሠሩ ዝናብ ያጠራቅማሉ፤ ሥራቸው በዋነኛነት ለመያዣ የሚያገለግል በመሆኑ ውኃ የሚሰጣቸው በዚሁ ጽዋ ነው፣ ውኃውም እንዳይሸት በየጊዜው ይለወጣል። ውኃ የሚቋጥር ጥቁር አፈር ያበሰብሳቸዋል፤ የሚስማማቸው የተሰባበረ ቅርፊትና ከሰል የተቀላቀለበት፣ ውኃ የሚያሳልፍ መደብ ነው፤ ብርሃኑም የቡና ጥላ ዓይነት ተጣርቶ የሚገባ ቢሆን ይመረጣል። አብዛኞቹ እንደ እንሰት አንድ ጊዜ ብቻ አብበው ይሞታሉ፤ ሆኖም ከግንዳቸው ሥር የሚያወጡት ቡቃያ የእናቱን ግማሽ ያህል ሲደርስ ተቆርጦ ይተከላል፤ አናናስም የሚባዛው በዚሁ መንገድ ነው።

ይህን የሩቅ አገር ውበት በቤቱ የሚያሳድግ ሰው በደጁ ያለውን የደን ኦርኪድ ቸል ማለቱ ግን ያሳዝናል። ኤፒፋይት የሚበዛው ቅርፊታቸው በሻከረና ቅርንጫፋቸው በሰፋ ያረጁ ዛፎች ላይ ሲሆን፣ ምርት ለመጨመር ሲባል ደኑ ሲመነጠርና ትልልቁ ዛፍ ሲቆረጥ አብሮ ይጠፋል፤ በምትኩ የሚተከለው ወጣት የጥላ ዛፍም ለረጅም ዓመታት ሊሸከመው አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2010 የካፋ፣ በ2012 ደግሞ የሸካ ደን በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ሲመዘገቡ፣ ጥበቃው ያረጁትን ዛፎች በቆሙበት ማቆየትንም የሚጠይቅ ሆኗል።