ካይሊ ሚኖግ፦ ከቴሌቪዥን ድራማ እስከ ዓለም አቀፍ የሙዚቃ መድረክ

አውስትራሊያዊቷ ድምፃዊትና ተዋናይት ካይሊ ሚኖግ በቴሌቪዥን ድራማ፣ በሙዚቃ፣ በፊልምና በመድረክ ትርዒት ከአራት አሥርት ዓመታት በላይ የሠራች ባለሙያ ነች። ተቀባይነቷ በቀነሰባቸው ጊዜያት የአሠራር መንገዷን እየለወጠች ዳግም መነሳቷ የሙያ ሕይወቷ ዋና መለያ ሆኖ ይጠቀሳል። ከዚህም ባሻገር በ2005 ያጋጠማት ሕመም በአገሯ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ በጥናት ተመዝግቦ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ የተገለጹት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ትውልድና የትወና ጅምር

ካይሊ ሚኖግ ግንቦት 28 ቀን 1968 በሜልቦርን ከተማ ተወለደች። አባቷ የሒሳብ ባለሙያ ሲሆኑ፣ በዌልስ የተወለዱት እናቷ በወጣትነታቸው የዳንስ ባለሙያ ነበሩ። ለቤተሰቡ የመጀመሪያ ልጅ ስትሆን፣ ታናሽ እህቷ ዳኒ ሚኖግም በድምፃዊነትና በቴሌቪዥን ሥራ የታወቀች ናት።

የትወና ሥራ የጀመረችው ገና በልጅነቷ በ1979 በአውስትራሊያ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማዎች ላይ በተሰጧት አነስተኛ ሚናዎች ነበር። በሰፊው የታወቀችው ግን በ1986 “ኔበርስ” በተሰኘው፣ በአንድ የሜልቦርን ሰፈር ነዋሪዎች ኑሮ ላይ በሚያጠነጥነው ድራማ ውስጥ ሻርሊን የተባለችውን ወጣት ሆና መሥራት ከጀመረች በኋላ ነው። ሻርሊን የመኪና ጥገና ሙያን የመረጠች መካኒክ ስትሆን፣ በወቅቱ በአብዛኛው ለወንዶች ይሰጥ በነበረ ሙያ ላይ የተሰማራች ወጣት በድራማው መታየቷ የተመልካቾችን ትኩረት የሳበ ነበር።

ድራማው በብሪታንያ በመሰራጨቱም ተዋናይቷ ከአገሯ ውጭ የምትታወቅበትን ዕድል አገኘች። ሻርሊን፣ ጄሰን ዶኖቫን ከሚጫወተው ገጸ ባሕርይ ጋር የፈጸመችው ጋብቻ በ1988 በብሪታንያ ቴሌቪዥን ሲቀርብ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተመልክቶታል። በዚያው ዓመት በአውስትራሊያ የቴሌቪዥን ዘርፍ ከፍተኛ የሆነውን የጎልድ ሎጊ ሽልማት ተቀብላለች።

ወደ ሙዚቃ የተደረገ ሽግግር

ወደ ሙዚቃ የገባችው በአጋጣሚ ነበር ለማለት ይቻላል። ለአንድ የአውስትራሊያ ፉትቦል ክለብ ድጋፍ ለማሰባሰብ በተዘጋጀ መድረክ ላይ ከድራማው ባልደረቦቿ ጋር ቀርባ “ዘ ሎኮሞሽን” የተባለውን የቆየ ዜማ ተጫወተች። ዜማው በ1987 በነጠላ ሸክላ ታትሞ ሲወጣ በአውስትራሊያ ለሰባት ሳምንታት የአንደኝነትን ደረጃ ይዞ ቆይቷል።

ከዚያም ወደ ለንደን በመጓዝ ስቶክ፣ ኤትከን እና ዋተርማን ከተባሉት ሦስት የሙዚቃ አዘጋጆች ጋር መሥራት ጀመረች። ከእነርሱ ጋር ያዘጋጀችው “አይ ሹድ ቢ ሶ ለኪ” የተሰኘው ዜማ በ1988 በብሪታንያ ለአምስት ሳምንታት አንደኛ ሆኗል። በ1984 በኢትዮጵያ የደረሰውን ረሃብ ምክንያት በማድረግ የተዘጋጀው የባንድ ኤይድ የገና ዜማ በ1989 በእነዚሁ አዘጋጆች በአዲስ መልክ ሲቀረጽ ከተሳተፉት ድምፃውያን አንዷ ካይሊ ሚኖግ ነበረች። በዚያው ዓመት “ዘ ዴሊንኩዌንትስ” በተባለው የአውስትራሊያ ፊልም በመሪ ተዋናይነት ሠርታለች።

ይሁን እንጂ በዚህ ወቅት የነበሩ በርካታ ሐያስያን ድምፃዊቷን የአዘጋጆቿ የፈጠራ ውጤት አድርገው ይመለከቷት ነበር። ዜማዎቹን የሚደርሱትም ሆነ የቀረጻውን አቅጣጫ የሚወስኑት አዘጋጆቹ ስለነበሩ ትችቱ ፈጽሞ መሠረት የሌለው አልነበረም።

የራስን መንገድ ፍለጋ

ድምፃዊቷ በ1992 ከአዘጋጆቹ ጋር የነበራትን ውል ያጠናቀቀች ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ዲኮንስትራክሽን ከተባለ የሙዚቃ ኩባንያ ጋር መሥራት ጀመረች። በ1994 የወጣው “ኮንፋይድ ኢን ሚ” የተሰኘው ዜማ ከቀድሞዎቹ ሥራዎቿ በቅንብርም ሆነ በአዘፋፈን የተለየ ነበር። በ1995 ደግሞ ከአገሯ ልጅ ከኒክ ኬቭ ጋር በአንዲት የተገደለች ወጣት ታሪክ ላይ የተመሠረተውን “ዌር ዘ ዋይልድ ሮዝስ ግሮው” የተባለ ዜማ በጋራ ተጫውታለች። ከኒክ ኬቭ ጋር መሥራቷ ቀደም ሲል ሥራዋን በቁም ነገር ያልተመለከቱ አድማጮችን ትኩረት እንድታገኝ ረድቷታል።

በግጥም ድርሰቱ በስፋት የተሳተፈችበት “ኢምፖሲብል ፕሪንሰስ” የተሰኘው አልበም ግን አስቸጋሪ ዕጣ ገጥሞታል። የአልበሙ ርዕስ ልዕልት የሚል ትርጉም ያለው በመሆኑና የብሪታንያዋ ልዕልት ዳያና በ1997 በመኪና አደጋ በመሞታቸው ምክንያት በአውሮፓ ርዕሱ ተለውጦ በ1998 ለገበያ ቀረበ። አልበሙ በአውስትራሊያ ጥሩ ተቀባይነት ቢያገኝም በብሪታንያ የነበረው ሽያጭ ዝቅተኛ ነበር።

በ1999 ፓርሎፎን ወደተባለው ኩባንያ በመዛወር ወደ ዳንስ ሙዚቃ ተመለሰች። በ2000 “ስፒኒንግ አራውንድ” የተሰኘው ዜማዋ በብሪታንያ አንደኛ ሲሆን፣ በዚሁ ዓመት በሲድኒ የኦሎምፒክ ጨዋታዎች መዝጊያና በፓራሊምፒክ ጨዋታዎች መክፈቻ ሥነ ሥርዓቶች ላይ ዘፍናለች። በ2001 የወጣው “ካንት ጌት ዩ አውት ኦቭ ማይ ሄድ” በበርካታ አገሮች የአንደኝነት ደረጃን ሲይዝ፣ ለዓመታት ብዙም ባልተሳካላት በአሜሪካ ገበያ ሰባተኛ ደረጃ ላይ ደርሷል። በዚያው ዓመት “ሙላን ሩዥ” በተባለው ፊልም አነስተኛ ሚና ነበራት። በ2004 “ካም ኢንቱ ማይ ወርልድ” በተሰኘው ዜማዋ የመጀመሪያውን የግራሚ ሽልማት አግኝታለች።

ሕመሙና በሕዝብ ጤና ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ

ድምፃዊቷ በአውሮፓ የጀመረችውን የሙዚቃ ጉዞ በአውስትራሊያ ለመቀጠል በዝግጅት ላይ እንዳለች ግንቦት 17 ቀን 2005 የጡት ካንሰር እንደተገኘባት ይፋ ሆነ። ዕድሜዋ 36 ዓመት ነበር። የትርዒት መርሐ ግብሩ ለሌላ ጊዜ የተላለፈ ሲሆን፣ በሜልቦርን የቀዶ ሕክምና፣ በፈረንሳይ ደግሞ የኬሞቴራፒ ሕክምና ተደርጎላታል። በወቅቱ የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ስቲቭ ብራክስ የመገናኛ ብዙኃን የቤተሰቡን የግል ሕይወት መብት እንዲያከብሩ አሳስበው ነበር።

ዜናው በአውስትራሊያ የጡት ካንሰርን የሚመለከቱ ዘገባዎች ቁጥር በ20 እጥፍ እንዲጨምር ማድረጉን በ2005 በአገሪቱ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት አመልክቷል። በጥናቱ መሠረት ዜናው በስፋት በተሰራጨባቸው ሁለት ሳምንታት በአራት ክፍለ ግዛቶች ለመንግሥታዊው የጡት ምርመራ የተያዙ ቀጠሮዎች በ40 በመቶ ጨምረዋል። ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 69 ዓመት በሆነና ቀደም ሲል ተመርምረው በማያውቁ ሴቶች ዘንድ ጭማሪው 101 በመቶ ደርሷል። ከስድስት ሳምንታት በኋላም በእነዚሁ ሴቶች የተያዙ ቀጠሮዎች ከቀድሞው ከአንድ ሦስተኛ በላይ ከፍ ብለው መቆየታቸው ተረጋግጧል።

በአንጻሩ ድምፃዊቷ ራሷ የመርሐ ግብሩ የዕድሜ ክልል ውስጥ አልነበረችም። ይህም ለሕመሙ ያላቸው ተጋላጭነት አነስተኛ የሆነ ወጣት ሴቶች ጭምር ለምርመራ እንዲመጡ ገፋፍቷል። በ2008 የታተመ ሌላ ጥናት ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 44 ዓመት በሆኑ ሴቶች ዘንድ የምስል ምርመራና የናሙና ምርመራ ቢጨምርም የቀዶ ሕክምናው ቁጥር አለመጨመሩን አሳይቷል። የአንድ ታዋቂ ሰው ሕመም ሕዝብን የመቀስቀስ ኃይሉ ከፍተኛ ቢሆንም፣ መልእክቱ ለሚመለከተው የኅብረተሰብ ክፍል እንዲደርስ የጤና ተቋማት የታቀደ ሥራ እንደሚያስፈልግ ከሁለቱ ጥናቶች መረዳት ይቻላል።

ድምፃዊቷ በ2008 በሰጠችው ቃለ ምልልስ ሕመሟ በመጀመሪያው ምርመራ ሳይታወቅ መቅረቱን በመግለጽ፣ ሴቶች የሚሰማቸውን ለውጥ በቸልታ እንዳያልፉና እንደገና እንዲመረመሩ መክራለች።

ወደ መድረክ መመለስና ያገኘቻቸው ክብሮች

ካይሊ ሚኖግ በኅዳር 2006 ሲድኒ ላይ ወደ መድረክ ስትመለስ የትርዒቱ ይዘት ከጤንነቷ ጋር እንዲጣጣም ተደርጎ ነበር። የዳንሱ እንቅስቃሴ የተሻሻለ ሲሆን፣ በትርዒቱ ክፍሎች መካከል የነበረው የዕረፍት ጊዜም ረዝሟል። በትወናው ረገድ በ2007 በብሪታንያው “ዶክተር ሁ” ልዩ የገና ዝግጅት፣ በ2012 ደግሞ በፈረንሳዊው ዳይሬክተር ሌኦ ካራክስ “ሆሊ ሞተርስ” ፊልም ሠርታለች። በ2022 በ“ኔበርስ” ድራማ ላይ ሻርሊንን ሆና ዳግም ቀርባለች።

ለሜልቦርን የኪነ ጥበብ ማዕከል ያበረከተቻቸው የመድረክ አልባሳት በከተማዋ ለሕዝብ ከታዩ በኋላ በ2007 በለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ቀርበዋል። በ2008 ከብሪታንያና ከፈረንሳይ መንግሥታት የክብር ሽልማቶችን የተቀበለች ሲሆን፣ በ2011 የአንግሊያ ረስኪን ዩኒቨርሲቲ ስለ ጡት ካንሰር ግንዛቤን ለማስፋት ላደረገችው አስተዋጽኦ በጤና ሳይንስ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷታል። በ2019 ደግሞ የአውስትራሊያን የክብር ሽልማት ከተቀበሉት ዜጎች አንዷ ሆናለች። በሕመሟ ምክንያት በ2005 በቀረችበት በግላስተንበሪ የሙዚቃ ፌስቲቫል የራሷን ትርዒት ያቀረበችውም በዚሁ ዓመት፣ ከ14 ዓመታት በኋላ ነበር።

በ2020 “ዲስኮ” የተሰኘው አልበሟ በብሪታንያ አንደኛ ሲሆን፣ በአምስት ተከታታይ አሥርት ዓመታት የአንደኝነት ደረጃ ያገኙ አልበሞች ያሏት የመጀመሪያዋ ሴት ድምፃዊት ለመሆን በቅታለች። በ2024 “ፓዳም ፓዳም” በተሰኘው ዜማዋ ሁለተኛውን የግራሚ ሽልማት ያገኘችው የመጀመሪያውን ከተቀበለች ከ20 ዓመታት በኋላ፣ በ55 ዓመት ዕድሜዋ ነው። በአንድ ወቅት የሌሎች የፈጠራ ውጤት ተብላ የተተቸችው ድምፃዊት በሙያው የቆየችበት ዘመን፣ ቀድሞ ከነበሩት አዘጋጆቿ ጋር ከሠራችባቸው ጥቂት ዓመታት በብዙ እጥፍ ይበልጣል።