ጨው የሚለምነው ልጅ

በ1940 እ.ኤ.አ. ዊልኪንስ እና ሪክተር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካ ባልቲሞር ስለታከመ አንድ የሦስት ዓመት ተኩል ልጅ ጽፈው አሳተሙ። ልጁ ከብስኩት ላይ ጨዉን ልሶ ብስኩቱን ይተዋል። አፉን ሲፈታ ከመጀመሪያ ቃላቱ አንዱ «ጨው» ነበር። ሆስፒታል ገባና እንደማንኛውም ሕፃን የተለመደው ምግብ ተሰጠው። በሳምንቱ ሞተ። አስከሬኑ ሲመረመር ችግሩ ከኩላሊት በላይ ባሉት አድሬናል እጢዎች ላይ ተገኘ። ሰውነቱ ጨው መያዝ አልቻለም ነበር፤ ልጁ ለካ ራሱን ሲያክም ነው የከረመው!

አሁን 75 ዓመት ወደኋላ እንመለስ። በ1865 ጣሊያን ኔፕልስ ውስጥ ሉዊጂ ዴ ክሬኪዮ የተባለ ሐኪም የአንድ ሰው አስከሬን መረመረ። ሟቹ እንደ ወንድ የኖረ፣ ከአርባ ዓመት በላይ የሆነው ሰው ነው። ሆዱ ሲከፈት ግን ማሕፀንና የሴት እንቁላል ማፍሪያ ተገኘ። አድሬናል እጢዎቹም ከልክ በላይ ያበጡ ነበሩ።

ሁለቱ ታሪኮች የአንድ ዓይነት በሽታ ታሪኮች ናቸው። ስሙ ኮንጄኒታል አድሬናል ሃይፐርፕላዝያ ይባላል። በአብዛኛው የሚጎድለው አንድ ኢንዛይም ነው። እሱ ከሌለ ኮርቲሶልና ጨው የሚጠብቀው ሆርሞን አይመረቱም። አንጎል «አምርት!» እያለ ያዛል፣ እጢው ያብጣል፣ ጥሬ ዕቃው ደግሞ ወደ ወንዴ ሆርሞን ይዞራል። በ1950 ዊልኪንስ ኮርቲዞን ሰጥቶ ይህን ዑደት መግታት እንደሚቻል አሳየ። ከዚያ ወዲህ በሽታው መድኃኒት አለው።

ታዲያ አንዱ በሕፃንነቱ ሲሞት ሌላው እንዴት ከአርባ ዓመት በላይ ኖረ? መልሱ የመጣው ከ1984 በኋላ ነው፤ በዚያ ዓመት እነ ፔሪን ኋይት እና ማሪያ ኒው ጂኑን ለይተው አወጡ። ጂኑ ክሮሞዞም 6 ላይ ነው፤ አጠገቡም እሱን የሚመስል ግን የማይሠራ ቅጂ አለ። ጎበዙ ተማሪ ከሰነፉ ሲኮርጅ አስቡት! አብዛኛው ሚውቴሽን የሚመጣው እንደዚህ፣ ከማይሠራው ቅጂ ስሕተት በመውሰድ ነው።

እኛ ክፍል ውስጥ የሜንደልን አተር ስናስተምር «ባሕርይው አለ ወይም የለም» ብለን እናልፋለን። እዚህ ግን ልኬት አለ። ኢንዛይሙ ጭራሽ ካልሠራ ሕፃኑ ጨው እያጣ በተወለደ በሳምንታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ቢሠራ እንኳ ብዙ ጊዜ ጨዉን ይይዛል። ከ20 እስከ 50 በመቶ ከሠራ ሰውየው ሕመም እንዳለበት ሳያውቅ ሊያረጅ ይችላል። ከእናትና ከአባት ከሚወረሱት ሁለት ቅጂዎች ደግሞ በአብዛኛው የሚወስነው ቀለል ያለው ነው። ሞትና ሕይወትን የሚለየው ያቺ 1 በመቶ ናት።

አስቸጋሪዎቹ ብርቅዬ ሚውቴሽኖች ናቸው። ከጎረቤት ቅጂ ያልተኮረጁ፣ አንዳንዴ በአንድ ቤተሰብ ብቻ የሚገኙ ናቸው። ሐኪሙ ከዚህ በፊት አይቷቸው አያውቅም። ስለዚህ ጂኑን ቤተ ሙከራ ውስጥ ሕዋስ ላይ አስገብተው ኢንዛይሙ ምን ያህል እንደሚሠራ ይለካሉ። ያም ሆኖ ቁጥሩ ሁሉን አይናገርም፤ አንድ ዓይነት ሚውቴሽን የያዙ ወንድምና እህት እንኳ ሕመማቸው ሊለያይ ይችላል።

ይህን የምጽፈው በወንዶቹ ሕፃናት ምክንያት ነው። ሴቷ ስትወለድ ብልቷ ላይ ምልክት ስለሚታይ ሐኪም ይጠራጠራል። ወንዱ ግን ደህና ይመስላል፤ ቤተሰቡ ተቅማጥ ወይም ትውከት ገደለው ብሎ ይቀብረዋል። ከ1977 ወዲህ ከሕፃኑ ተረከዝ በሚወሰድ ጠብታ ደም መለየት ይቻላል፤ ይህ ምርመራ ግን በየአገሩ የለም።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ሳምንቱ የሚያስመልሰው፣ የሚደክምና ክብደት የማይጨምር አራስ ካያችሁ ነገ አትበሉ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ከዚያ በፊት በጨቅላነቱ የሞተ ወንድም ካለው ያንንም ሳትደብቁ ንገሩ። የሟቹ ታሪክ የሚኖረውን ሊያድን ይችላል።