ዋሽንግተን፦ የአንድ መንደር ስም ታሪክ

መግቢያ

የጂኦግራፊና የታሪክ መምህራን ከተማሪዎቻቸው ከሚቀርቡላቸው ጥያቄዎች አንዱ «ይህ ስም ከየት መጣ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም በሚገባ ከተመረመረ የመሬትን፣ የሥልጣንንና የነፃነትን ታሪክ ያስነሣል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የአንድ እንግሊዛዊ መንደር ስም ወደ ቤተሰብ፣ ወደ ከተሞችና ወደ ትምህርት ተቋማት እንዴት እንደ ተላለፈ በመግለጽ፣ የስም መመሳሰል ብቻውን የዝምድና ማስረጃ ሊሆን እንደማይችል ማመልከት ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከመሬት ወደ ቤተሰብ

ዋሽንግተን በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በዌር ወንዝ አካባቢ የነበረ ጥንታዊ መንደር ነው። በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ዊልያም የተባለ ባላባት ሃርትበርን የተባለውን ርስቱን ለዱራም ጳጳስ ለቅቆ በምትኩ የዋሽንግተንን ርስት ተቀበለ። በዚያ ዘመን ባላባት የሚጠራው በያዘው መሬት ስለ ነበረ፣ ርስቱ ሲለወጥ ስሙም አብሮ ተለወጠ። ይሁን እንጂ ዘሮቹ ከመንደሩ ከወጡ በኋላም ስሙን አልተዉትም። ከእነርሱ አንዱ ሎሬንስ ዋሽንግተን በ1539 በመካከለኛው እንግሊዝ የሰልግሬቭን ርስት ገዛ። በ1650ዎቹ ደግሞ ጆን ዋሽንግተን ባሕር ተሻግሮ በቨርጂኒያ ሰፈረ፤ የልጅ ልጁ ልጅ የሆነው ጆርጅ ዋሽንግተንም በ1732 ተወለደ። በዚህ ጊዜ ስሙ የትውልድ ሐረግ እንጂ የመኖሪያ ቦታ ምልክት መሆኑ ቀርቶ ነበር።

ከቤተሰብ ወደ ከተማና ወደ ተቋም

ጆርጅ ዋሽንግተን የነፃነቱን ጦርነት መርቶ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ከሆነ በኋላ፣ በ1791 አዲሱ የአሜሪካ ዋና ከተማ በስሙ ተሰየመ። በ1853 በሰሜን ምዕራብ ዳርቻ የሰፈሩት ሰዎች ግዛታቸው ኮሎምቢያ ተብሎ እንዲጠራ ቢጠይቁም፣ ምክር ቤቱ «ዋና ከተማው ከሚገኝበት ከኮሎምቢያ ዲስትሪክት ጋር ይምታታል» በሚል ምክንያት ዋሽንግተን አሰኘው። መምታታቱን ለማስወገድ የተሰጠው ስም የባሰ መምታታት ማስከተሉ እስከ ዛሬ የሚታይ ነው። ግዛቱ በ1889 ሙሉ መብት ያለው የኅብረቱ አባል ሆነ።

በትምህርት ተቋማትም ረገድ እንዲሁ ነው። በ1861 በሲያትል የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲ በግዛቱ ስም ይጠራል። በ1821 በዋና ከተማው የተቋቋመው ኮሌጅ በ1904 ጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በ1853 በሴንት ሉዊስ የተመሠረተው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲም ከሌሎቹ እንዲለይ በ1976 የከተማውን ስም በመጠሪያው ላይ ለመጨመር ተገደደ።

በስም ጥሪ ላይ

ከሁሉ ይልቅ ለመምህር የሚጠቅመው ግን የሚከተለው ታሪክ ነው። በ1856 በቨርጂኒያ በባርነት የተወለደ ቡከር የተባለ ሕፃን ነበር። ነፃነት ከታወጀ በኋላ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ መምህሩ ስም ሲጠራ ሌሎቹ ልጆች ሁለትና ከዚያም በላይ ስም እንዳላቸው ሰማ፤ እርሱ ግን ቡከር ከመባል በቀር ሌላ ስም አያውቅም ነበር። ተራው ሲደርስ «ቡከር ዋሽንግተን» ብሎ መለሰ። ዋሽንግተን የእንጀራ አባቱ መጠሪያ ስም ነበረ። ባርነት የነፈገውን የቤተሰብ ስም ልጁ በክፍል ውስጥ ለራሱ ሰጠ ማለት ነው።

ይህ ሰው በ1881 በአላባማ የቱስኪጊን ተቋም መምራት ጀመረ፤ ከጊዜ በኋላም በብዙ ከተሞች ትምህርት ቤቶች በስሙ ተሰየሙ። በዚሁ ተቋም ከተማሩት መካከል አውሮፕላን አብራሪው ጆን ሮቢንሰን በ1935 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በጣልያን ወረራ ጊዜ በአየር ኃይሉ አገልግሏል፤ ከነፃነት በኋላም ተመልሶ አብራሪዎችን አሠልጥኗል።

ጆርጅ ዋሽንግተን ከአብራኩ የተወለደ ልጅ አልነበረውም። በ1799 ሲሞት በርስቱ ላይ 317 ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር። በ2000 በተደረገው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ዋሽንግተን የተባለ የቤተሰብ ስም ካላቸው ሰዎች ከመቶ 90 ያህሉ ጥቁር አሜሪካውያን ሆነው ተገኝተዋል። ነገር ግን ነፃ የወጡት ሰዎች ስማቸውን ብዙ ጊዜ በራሳቸው ፈቃድ ይመርጡ ስለ ነበረ፣ በዚህ ስም የሚጠራ ሁሉ የፕሬዚዳንቱ ዘር ወይም በርስቱ የነበሩት ባሮች ዘር ነው ማለት ስሕተት ነው።

መደምደሚያ

ባለ ርስቱ ስሙን ከመሬቱ ጋር ተቀበለ፤ ዘሮቹ ወረሱት፤ መንግሥት ለክብር ሰጠው፤ ባሪያ ሆኖ የተወለደው ሕፃን ግን መርጦ ያዘው። ስሙ አንድ ሲሆን ምክንያቱ አራት ነው። ስለዚህ መምህራን የአካባቢያቸውን መንደር፣ ወንዝ ወይም ትምህርት ቤት ስም ሲያስተምሩ፣ ተማሪዎቹ «ማን ሰየመው? መቼ? ስለ ምን?» ብለው ሽማግሌዎችን እንዲጠይቁ ቢያደርጉ መልካም ነው። ለአዳዲስ ትምህርት ቤቶች ስም የሚያወጡ ዕቅድ አውጪዎችም የስያሜውን ምክንያት በጽሑፍ ቢያኖሩ ለሚቀጥለው ትውልድ ይጠቅማሉ። ስም ጠሪው መምህርም በመዝገቡ ላይ ያለው እያንዳንዱ ስም የራሱ ታሪክ እንዳለው ሊዘነጋ አይገባም።