ልጅ ሕግ፣ ወላጅ ሕግ

አዲስ አበባ ውስጥ «ልደታ» ሲባል ከቤተ ክርስቲያኑ ቀጥሎ የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ፍርድ ቤቱ ነው። በሟች ሀብት ላይ ክርክር በተነሳ ቁጥር ዳኛው የሁለት ዘመን ሕግ ጎን ለጎን ይገልጣል። የባልና ሚስት የጋራ ንብረት የሚከፈለው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213 ነው፤ የሟቹ ድርሻ ለልጆቹ የሚተላለፈው ግን ዛሬም በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች ይህን አሠራር ያውቁታል፤ ስሙንም ሳይቀር ውርስ ይሉታል። ልጅ ክላስ፣ ማለትም ከሌላ የተወለደ የፕሮግራም ክፍል፣ የወላጁን ሁሉ ይወርሳል፣ የማይስማማውን ሜተድ (የሥራ ትእዛዝ) በራሱ ይተካል፣ ያልተካው እንደ ወላጁ ይቀጥላል።

የተተካውስ የወላጅ ሜተድ ይጠፋል? በዚህ ላይ የሙያው ታሪክ ራሱ ሁለት መልስ አለው። ኦሌ-ዮሐን ዳልና ክሪስተን ኒጎርድ ኦስሎ ላይ በሠሩት የፕሮግራም ቋንቋ፣ በሲሙላ 67፣ ወላጁ በራሱ ጽሑፍ መካከል «ኢነር» በሚል ቃል ለልጁ ቦታ ይለቅለት ነበር፤ ማን መቼ እንደሚናገር የሚወስነው ወላጁ ነው። ስሞልቶክ የተባለው ቋንቋ ነገሩን ገለበጠው፤ ልጁ ይተካል፣ ሲያስፈልገው «ሱፐር» ብሎ ወላጁን ይጠራል። ጃቫ የተባለው ቋንቋም የተከተለው ይህንኑ ነው።

የእኛም ሕግ የሄደው በዚሁ በሁለተኛው መንገድ ነው እላለሁ። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3347 በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ላይ የነበረውን የተጻፈም የልማድም ደንብ ሁሉ ሻረ፤ ሕጉ በግልጽ ያስቀረው ብቻ ሲቀር። ያው ሕግ በአንቀጽ 577 ግን በሃይማኖትና በልማድ የሚፈጸመውን ጋብቻ በስም ጠርቶ አጸናው። የ1992ቱ ሕግም ይህን ጥሪ አልሰረዘም። የተካው ሌላ ነገር ነው፦ የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15 የነበረውን ከወንዱ ጋር እኩል 18 አደረገው። ሥርዓቱ የወላጅ ሆኖ ቀረ፣ መስፈርቱ የልጅ ሆነ። ቅደም ተከተሉን ልብ ማለት ያሻል፤ ኒካሁ ወይም የሽማግሌው ምርቃት የሚጠራው ዕድሜዋ ከተረጋገጠ በኋላ መሆን አለበት። ጥሪው ከቀደመ ልጅቷ ተድራለች፣ ማጣራቱም ዘግይቷል።

«የተሻረ ሕግ ሞቷል፣ ወላጅ ክላስ ግን ይኖራል፤ ንጽጽሩ አይሠራም» የሚል ይኖራል። ነገር ግን የቤተሰብ ሕግ ማውጣት የክልሎች ሥልጣን በመሆኑ አዋጅ 213 የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። አማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ 79 የራሱን አወጣ፤ ያላወጡት ክልሎች ግን በ1952ቱ ሕግ መዳኘታቸውን ቀጠሉ። በአንዱ ቤት የተሻረው በሌላው ቤት ሥራ ላይ ነበር።

ከዚህ የሚከብደው መቃወሚያ ከሕገ መንግሥቱ ይመጣል። በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 መሠረት ተከራካሪዎች ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳያቸው በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኝ ይችላል። ይህ ልጁን አልፎ ወላጁን ከውጭ መጥራት ነው። ጃቫ ይህን ይከለክላል፤ ሌላው ቋንቋ ሲ ፕላስ ፕላስ ደግሞ ጠሪው የወላጁን ስም ከጠቀሰ ይፈቅዳል። ሕገ መንግሥቱ በመካከል ቆሞ ፈቃድን ቅድመ ሁኔታ አደረገ። እኔ የምሰጋው እዚህ ላይ ነው፤ በዘመድ ተከብባ «እሺ» ያለች ሴት ፈቅዳለች ብሎ መዝገብ ላይ ማስፈር ቀላል ነው። ፈቃዷ ከራሷ አፍ፣ ለብቻዋ ተጠይቃ ሊሰማ ይገባል።