የጨዋታ ሒሳብ አጭር ታሪክ

ብዙ ሰው «ጨዋታ» የሚለውን ቃል ሲሰማ የሥራ ፈት ነገር ይመስለዋል። ታላላቅ የሒሳብ ሊቃውንት ግን በጨዋታ ውስጥ ብርቱ ጥያቄ እንዳለ አስተውለዋል፤ ይኸውም ጥቅሜ በእኔ ምርጫ ብቻ ሳይሆን ሌላው በሚያደርገውም ጭምር የሚወሰን ሲሆን ምን ላድርግ የሚል ነው። እኛም በዚህ ዓመት ትምህርታችንን የምንፈጽም ተማሪዎች የዚህን ዕውቀት ታሪክ በአጭሩ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1913 ኤርንስት ዜርሜሎ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ስለ ሰንጠረዥ ጨዋታ ጻፈ። በሰንጠረዥ ሁሉ ነገር በግልጽ ይታያል፤ ዕጣም አይገባበትም። ስለዚህ ወይ ከሁለቱ አንዱ በእርግጥ የሚያሸንፍበት መንገድ አለው፤ ወይም ሁለቱም ሳይሸነፉ እኩል ለእኩል መለያየት ይችላሉ። የአገራችን ገበጣም ጠጠሩ ሁሉ የሚታይ ስለሆነ ከዚሁ ወገን ነው።

የሚደበቅ ነገር ሲኖር ግን ነገሩ ይለወጣል። አንድ ልጅ ጠጠር ጨብጦ «በየትኛው እጄ ነው?» ቢል፥ ሁልጊዜ በቀኙ የሚይዝ ከሆነ ወዲያው ይታወቅበታል። ቀኝና ግራ በተራ ቢያፈራርቅም ልማዱ ይጠናበታል። የሚሻለው ምርጫውን ለዕጣ መተው ነው። በቡዳፔስት የተወለደው ጆን ፎን ኖይማን በ1928 አንዱ ያገኘውን ሌላው በሚያጣበት የሁለት ሰዎች ጨዋታ እንዲህ ያለ አስተማማኝ ስልት እንደሚገኝ አረጋገጠ። በ1944 ከኢኮኖሚ ሊቁ ከኦስካር ሞርገንስተርን ጋር ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ሒሳቡን ወደ ገበያና ወደ ኅብረት አሻገረው። በ1953 ደግሞ ሎይድ ሻፕሊ ተባባሪዎች ያገኙትን እንደ እያንዳንዱ አስተዋጽኦ የሚካፈሉበትን ስሌት አሳየ።

በ1950 የ21 ዓመት ወጣት የነበረው ጆን ናሽ ማንም ብቻውን ሐሳቡን ቢለውጥ የማይጠቀምበትን ሚዛን ገለጸ። በዚያው ዓመት ሜሪል ፍለድና ሜልቪን ድሬሸር አንድ አስቸጋሪ ጨዋታ አሰቡ፤ አልበርት ታከርም የሁለት እስረኞች ታሪክ አደረገው። ሁለቱም ዝም ቢሉ አንድ አንድ ዓመት ይታሰራሉ እንበል። አንዱ ብቻ ቢያጋልጥ እርሱ ነጻ ይወጣል፥ ዝም ያለው 10 ዓመት ይታሰራል። ሁለቱም ቢያጋልጡ አምስት አምስት ዓመት ይቀበላሉ። ባልንጀራው ዝም ቢልም ባይልም እያንዳንዱን የሚጠቅመው ማጋለጥ ነው፤ ሁለቱም እንዲህ ሲያስቡ ግን ሁለቱም ይጎዳሉ።

እንግዲህ ማሰብ የመተማመን ጠላት ነውን? በ1980 ሮበርት አክስልሮድ ይህንኑ ጨዋታ ብዙ ጊዜ እየደጋገሙ የሚጫወቱ የኮምፒዩተር ስልቶችን አወዳድሮ ነበር። ያሸነፈው አናቶል ራፖፖርት የላከው አጭር ስልት ነው፤ በመልካም ይጀምራል፥ ከዚያ በኋላ ባልንጀራው ያደረገውን ይመልሳል። ነገ የሚገናኙ ሰዎች ዛሬ ለመካካድ ይፈራሉ ማለት ነው። በ1973 ጆን ሜይናርድ ስሚዝና ጆርጅ ፕራይስም የጨዋታን ሒሳብ ወስደው እንስሳት ሲጣሉ ብዙውን ጊዜ እስከ ሞት የማይደርሱበትን ምክንያት መርምረዋል።

ሆኖም አንድ ጥያቄ እኛን ይነካናል። ነገ የማይገናኙ ሰዎችስ? ስሌቱ በመጨረሻው ቀን መካድ ያዋጣል ይላል። የእኛም የመጨረሻ ቀን ቀርቧል፤ በእጃችንም የተዋስናቸው መጻሕፍትና ደብተሮች አሉ። ነገር ግን ሒሳቡ የሚያሰላው የተሰጠውን ጥቅም ብቻ ነው፤ ምን እንድንወድ አያዝዘንም። እኛ የተማርንባቸው መጻሕፍት ከእኛ በፊት የወጡት ስለመለሷቸው የደረሱን ናቸው። ለእኛ የመጨረሻ የሆነው ቀን ለታናናሾቻችን የመጀመሪያ ነው። ስለዚህ መጽሐፉን መልሰን እንወጣለን።