«ጨጓራ ነው» የተባለ ልብ

አዲስ አበባ ውስጥ ደረት ላይ የሚሰማ ነገር ሁሉ ስሙ አንድ ነው፤ ጨጓራ። ቁርጥ በልተን ቢያቃጥለን ጨጓራ፣ ቡና ደጋግመን ቢያንገበግበን ጨጓራ፣ አባታችን ሌሊት በላብ ተጠምቀው ደረታቸውን ይዘው ቢነሱም ያው ጨጓራ። «ትንሽ ተልባ ይጠጡና ይተኙ!» ሐኪም ቤት የምንሄደው ነግቶም ሕመሙ አልተው ካለ ነው።

በዚህ ነገር የምንታማው እኛ ብቻ እንዳንሆን ግን ታሪክ አንድ ትልቅ ሰው አቆይቶልናል፤ የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወርን። በ1954 ጃንሆይን ዋሽንግተን ላይ የተቀበሉት እኚሁ ሰው ናቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍናቸው።)

ሴፕቴምበር 23 ቀን 1955 አይዘንሃወር ለእረፍት በሄዱበት ዴንቨር፣ ኮሎራዶ ጎልፍ ሲጫወቱ ዋሉ። ምሳቸው ጥሬ ሽንኩርት ያለበት ሀምበርገር ነበር። ከሰዓት በኋላ ሆዳቸው አልስማማ ሲላቸው ሽንኩርቱን ረገሙ። ሌሊት በአማታቸው ቤት እንደተኙ ደረታቸውን ብርቱ ሕመም ያዛቸው። የግል ሐኪማቸው ሃዋርድ ስናይደር ደርሰው ሞርፊን ወጓቸው። ጠዋት ለጋዜጠኞች የተነገረው ግን ፕሬዚዳንቱን ምግብ አልፈጭ እንዳላቸው ነበር። ኢሲጂ የተነሡት ቀትር ካለፈ በኋላ ነው፤ ወረቀቱም ሃርት አታክ መሆኑን ተናገረ። ስናይደር ከመጀመሪያው ገብቷቸው ነበር ወይስ አልገባቸውም የሚለውን የታሪክ ጸሐፊዎች እስካሁን ይከራከሩበታል። ያን ሰኞ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ በአንድ ቀን ከ6 በመቶ በላይ ወደቀ። የአንድ ሰው ልብ የአገር ኪስ ነካ ማለት ነው።

እንግዲህ ጥያቄያችን እዚህ ላይ ይጀምራል። ሕመም ይዋሻል፤ ሐኪምም ሊሳሳት ይችላል፤ ኢሲጂውም ቢሆን ሁልጊዜ ሁሉን አያሳይም። ታዲያ ልብ ስለመጎዳቱ በእርግጠኝነት የሚመሰክር ማን ነው?

መልሱ ደም ነው። ሃርት አታክ ማለት ልብን ራሱን ደም የሚያጠጣው ቧንቧ ሲደፈን፣ ከመደፈኛው ወዲያ ያለው የልብ ጡንቻ አየር አጥቶ ሲሞት ነው። የሞተ ሴል ግድግዳው ይቀደዳል፤ ውስጡ የነበረው ነገር ወደ ደም ይፈስሳል። ጆንያ ሲቀደድ መንገድ ላይ የፈሰሰውን እህል አይቶ የተጫነው ምን እንደነበር ማወቅ ይቻል የለ? ነገሩ እንደዚያው ነው።

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ በላቦራቶሪ ያሳዩት ኒው ዮርክ ውስጥ የሚሠሩ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ጆን ላዱ፣ ፌሊክስ ሮብሌውስኪ እና ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረው አርተር ካርመን። ትራንስአሚኔዝ የተባለው ኢንዛይም ከሃርት አታክ በኋላ በደም ውስጥ እንደሚጨምር ያሳተሙት በሴፕቴምበር 1954 ነው፤ አይዘንሃወር ሽንኩርታቸውን ከመርገማቸው ልክ አንድ ዓመት በፊት መሆኑ ነው!

ችግሩ ግን ይህ «እህል» በየቤቱ የሚገኝ መሆኑ ነው። ጉበት ውስጥ አለ፣ የእጅና የእግር ጡንቻ ውስጥም አለ። ጉበቱ የታመመ ሰው ልበ ሕመምተኛ ሊመስል ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ክሬያቲን ካይኔዝ፣ በአጭሩ ሲኬ፣ ቢያንስ ጉበትን ከነገሩ አወጣው። ግን ስፖርት ሲሠራ የዋለ ወይም የወደቀ ሰውም ሲኬው ይጨምራል። በ1970ዎቹ ሐኪሞች በልብ ውስጥ በርከት ብሎ የሚገኘውን የሲኬ ዓይነት፣ ሲኬ-ኤምቢን፣ ለይተው መለካት ሲጀምሩ ምስክሩ ትንሽ ታማኝ ሆነ።

እውነተኛው ምስክር የመጣው ካልታሰበበት ቦታ ነው። ቶኪዮ ውስጥ ሴትሱሮ ኤባሺና አያኮ ኮዳማ ጡንቻ እንዴት እንደሚኮማተር ሲመራመሩ በ1965 ትሮፖኒን የተባለውን ፕሮቲን አገኙ። ካልሲየም ሲመጣ ጡንቻው እንዲኮማተር የሚፈቅደው እሱ ነው። ሰዎቹ ስለ ሃርት አታክ ምርመራ አላሰቡም፤ የጡንቻን ምስጢር ነበር የሚፈልጉት። ኋላ ላይ ግን የልብ ትሮፖኒን ከሌላው ጡንቻ ትሮፖኒን በአሠራሩ እንደሚለይ ታወቀ። በእንግሊዝ የበርሚንግሃሙ ፒተር ከሚንስ በ1987፣ በጀርመን የሃይደልበርጉ ሁጎ ካቱስ በ1989 ይህን ልዩነት ተጠቅመው በደም ውስጥ የሚለኩበትን መንገድ አሳተሙ። ከመጀመሪያው ግኝት እስከ ሕመምተኛው አልጋ ከ20 ዓመት በላይ ፈጀ ማለት ነው። በ2000 የአውሮፓና የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበራት ተስማምተው የሃርት አታክን ትርጉም ራሱን እንደገና ጻፉት፤ ትሮፖኒን ዋናው የደም ምስክር ሆነ።

እስካሁን ያወራነው ስለሞተው ጡንቻ ነው። የተረፈውስ? ከሃርት አታክ የተረፈ ሰው ቀሪ ሕይወቱ የሚወሰነው በተረፈው ጡንቻ ነው። ጤነኛ ልብ አንዴ ሲጨመቅ በግራ ክፍሉ ከያዘው ደም ከግማሽ በላይ ገፍቶ ያስወጣል። ይህ ወደ 40 በመቶና ከዚያ በታች ሲወርድ ሰውዬው ደረጃ መውጣት ያቅተዋል፣ እግሩ ያብጣል፣ ተጋድሞ መተንፈስ ይቸግረዋል። ይሄ ነው የልብ ድካም የሚባለው። በወሬያችን ሁለቱን እናቀላቅላቸዋለን እንጂ ሃርት አታክ ድንገተኛው አደጋ ነው፤ የልብ ድካም ደግሞ አደጋው ጥሎት የሚሄደው ዕዳ። የፈሰሰው ትሮፖኒን በበዛ ቁጥር የሞተው ጡንቻም የበዛ፣ ዕዳውም የከበደ ይሆናል።

ስለ ዕዳው የሚናገር ሌላ የደም ምስክር አለ፤ ቢኤንፒ። በ1981 ካናዳ ውስጥ አዶልፎ ደ ቦልድና ባልደረቦቹ ከአይጥ ልብ የላይኛው ክፍል የተጨመቀ ነገር ለሌሎች አይጦች ሲወጉ፣ አይጦቹ ጨውና ውኃ በብዛት መሽናት ጀመሩ። ልብ ፓምፕ ብቻ ሳይሆን ሆርሞን የሚያመነጭ እጢም ነው ማለት ነው! በ1988 ጃፓኖች የዚህን ሆርሞን ዘመድ ከአሳማ አንጎል አግኝተው «የአንጎል» ብለው ሰየሙት። በኋላ ሲታይ ግን በብዛት የሚያመነጨው ልብ ራሱ ነው። ስሙ ግን እንደወጣ ቀረ።

ቢኤንፒ የሚወጣው ጡንቻው ሲሞት ሳይሆን ሲወጠር ነው። ጭነት የበዛበት ልብ «ውኃ ቀንሱልኝ» ብሎ ለኩላሊት የሚልከው ደብዳቤ ነው ብንል አይበዛም። ከሃርት አታክ በኋላ ይህ ቁጥር ከፍ ብሎ ከቀረ የተረፈው ጡንቻ እየተጨነቀ ነው ማለት ነው፤ ሐኪሙም በልብ አልትራሳውንድ አይቶ መድኃኒቱን ያስተካክላል። በ2002 የታተመ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ድንገተኛ ክፍል የመጡ 1,586 ሰዎችን ያካተተ ጥናትም ቢኤንፒ የትንፋሹ ማጠር ከልብ ነው ወይስ ከሌላ የሚለውን ለመለየት በእጅጉ እንደሚረዳ አሳየ።

ምስክሮቹ ግን ዳኞች አይደሉም። ትሮፖኒን በኩላሊት ሕመም፣ በሳንባ የደም መርጋት፣ በከባድ ኢንፌክሽንም ይጨምራል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ደግሞ ገና ላይነሣ ይችላል፤ ለዚህ ነው ሐኪሞች በሰዓታት ልዩነት ደግመው ደም የሚቀዱት። ኢሲጂው ሙሉ መደፈንን ካሳየ ደግሞ የደም ውጤት እስኪመጣ አይጠበቅም፤ ቧንቧው ይከፈታል። በየደቂቃው ጡንቻ እየሞተ ነውና።

አይዘንሃወርስ? ተረፉ። ሰባት ሳምንት ያህል ሆስፒታል ቆይተው ወጡ፤ በ1956 ደግመው ተመረጡ። በኋላ ግን ሃርት አታኩ ተመላለሰባቸው፤ በማርች 1969 ያረፉትም በልብ ድካም ነው።

እኛም ይህን ታሪክ ስናነብ የመጣብን አባቶቻችንና ያ የተልባ ብርጭቆ ናቸው። ፕሬዚዳንት ያለ ሐኪም አያድርም፤ ያም ሆኖ ኢሲጂው እስኪመጣ ቀትር አለፈ። የእኛዎቹ አጠገብ ሌሊት ያለነው እኛ ነን። ደረታቸውን ይዘው በላብ ተጠምቀው ሲነሱ ጨጓራ መሆኑን ሐኪም ቤት ሄደን እናረጋግጥ። ጨጓራ ሆኖ ከተገኘ ተልባው የትም አይሄድም፤ ተመልሰን እንጠጣዋለን።